ሁለት አሥረኛ ሚሊሜትር፦ በጣና ዳር የተሠራ የመከታተያ ራዳር መጋቢ ጉዳይ

ጀልባዋ ከባሕር ዳር ተነስታ ወደ ዘጌ ስታቀና አንቴናችን ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንደ ሱፍ አበባ ፊቱን እያዞረ ይከተላታል። ከዚያ አንድ ቦታ ስትደርስ ትጠፋበታለች። ዲሹ ይንቀጠቀጣል፣ ወደ ግራ ይሮጣል፣ ይመለሳል፣ በመጨረሻም ማንም በሌለበት ውኃ ላይ አፍጥጦ ይቆማል። ሦስት ጠዋት በተከታታይ እንዲህ ሆነ። አራተኛው ቀን ላይ መጋቢውን፣ ማለትም ዲሹ የሰበሰበውን ሞገድ የሚቀበለውን ክፍል፣ ፈታነው፤ ስህተታችን የጀመረውም እዚያ ላይ ነው። ሕመሙ ሁለት ነበር፤ አንዱ መጋቢው ውስጥ፣ ሌላው ሐይቁ ላይ። እኛ ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥረን ሦስት ሳምንት አከምናቸው።

ራዳር የምለው በድፍረት ነው። ራዳር ሞገድ ልኮ ነጸብራቁን የሚቀበል መሣሪያ ሲሆን የእኛው መቀበሉን ብቻ ነበር የሚያውቀው። ጀልባዋ ላይ በ9.41 ጊጋኸርዝ የሚሠራ፣ ኃይሉ ጥቂት ሚሊዋት የሆነ ምልክት ሰጪ ሰቀልን፤ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ያለው አንቴና ደግሞ ምልክቱን እየተከተለ እንዲዞር አደረግን። የመከታተያ ራዳር ዋና ብልሃት ያለው በዚህ በመቀበያው በኩል ነው፤ መጋቢው ካልተስተካከለ ኃይለኛ ማስተላለፊያ ቢጨመርለትም የሚያገኘው ነገር የለም።

ዲሹና መጋቢው

ዲሹ የተገኘው ከአንድ ግቢ ነው። ትንንሾቹ የሳተላይት ዲሾች ከመምጣታቸው በፊት ሰው ጣሪያና ግቢ ውስጥ ይተክላቸው ከነበሩት፣ ስፋቱ 1.8 ሜትር ከሆነው አንዱ። በገመድና በማስመሪያ ለካነው። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በተወጠረው ገመድና በሳህኑ መሐል ያለው ጥልቀት 29.6 ሴንቲሜትር ሆነ። ስፋቱን በራሱ አባዝቶ ለ16 ጊዜ ጥልቀቱ ማካፈል ነው፤ ሞገዱ የሚሰበሰብበት ነጥብ ከሳህኑ መሐል 68 ሴንቲሜትር ላይ ይወድቃል። ከዚያ ነጥብ ሆኖ ሳህኑን ለሚያይ፣ ጠርዙ ከመሐል መስመር 67 ዲግሪ ገደማ ርቆ ይታያል። ጥልቅ ሳህን ነው ማለት ነው፤ ይህ ቁጥር በኋላ ብዙ አስቸግሮናል።

እዚያ ነጥብ ላይ የሚቀመጠው ፊድ የሚባለው ነው። እኔ መጋቢ እለዋለሁ። በገዳም መጋቢ ማለት የማኅበሩን ሲሳይ ተቀብሎ ለየድርሻው የሚያከፋፍል ነው፤ ይህኛውም ሥራው ከዚያ አይርቅም። የተሠራው ከዌቭጋይድ ነው፤ ባለ አራት ማዕዘን ባዶ የነሐስ ቱቦ። ውኃ በቦይ እንደሚሄደው ሁሉ ሞገዱ በቱቦው ውስጥ ይሄዳል። ልዩነቱ፣ ይህ ቦይ ከተወሰነ ስፋት ካነሰ ጭራሽ አያሳልፍም። የእኛ ቱቦ በውስጥ 22.86 በ10.16 ሚሊሜትር ነው፤ ከ6.56 ጊጋኸርዝ በታች ያለ ሞገድ አይገባበትም። በ9.41 ጊጋኸርዝ በነፃ አየር ላይ 31.9 ሚሊሜትር የነበረው የሞገድ ርዝመት ቱቦው ውስጥ 44.4 ሚሊሜትር ይሆናል። የሞገዱ ርዝመት የሚወሰነው በሰፊው ጎን ልክ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሁላችንም በክፍል ውስጥ ተምረናታል፤ ትርጉሟ የገባን ግን ብረት ጨምቆ በሚይዘው ሞርሳ ላይ ነው።

መከታተል እንዴት ይቻላል? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የነበሩት ብዙዎቹ መከታተያዎች ጨረራቸውን በዘንግ ዙሪያ ያሽከረክሩ ነበር፤ ዒላማው ከመሐል ከወጣ ምልክቱ በእያንዳንዱ ዙር ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከፍ ያለበት አቅጣጫም ዒላማው ያለበት ነው። ችግሩ ዒላማው በራሱ ምክንያት ከፍ ዝቅ ካለ መሣሪያው መታለሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ የሚሠራው ሮበርት ፔጅ ያመጣው ሐሳብ ከዚህ ያድናል፤ ሁለት ጨረር በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ማወዳደር። ሁለት ዌቭጋይድ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ አንዱ ትንሽ ወደ ግራ፣ ሌላው ትንሽ ወደ ቀኝ ያያል። የሁለቱ ድምር ምልክቱ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ይናገራል። ልዩነታቸው ደግሞ ዒላማው በየት በኩል እንዳለ። ልዩነቱ ለድምሩ ሲካፈል፣ ምልክቱ ቢደክምም ቢበረታም፣ መልሱ አቅጣጫ ብቻ ይሆናል። ለምትወዛወዝ ጀልባ ከዚህ የተሻለ አላገኘንም።

መደመሩንና መቀነሱን የሚሠራው ማጂክ ቲ የሚባለው አራት አፍ ያለው መጋጠሚያ ነው። በሁለት ክንዶቹ የገባው ምልክት በአንዱ አፍ ተደምሮ፣ በሌላው ተቀናንሶ ይወጣል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፤ ቅርጹ ብቻ ነው የሚያሰላው። ይህን ነገር ሳየው ዛሬም ይገርመኛል።

ከፍታን መከታተል ከመጀመሪያው ተውነው። ጀልባ አይበርም፤ ደግሞም ውኃ ላይ ያለ ዒላማ ከውኃው በታች መንትያ ምስል አለው፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚከታተል አንቴና በሁለቱ መካከል ሲዋዥቅ ይኖራል። ግራና ቀኝ ብቻ ይበቃናል አልን። ያለ ማንገራገር የማደንቀው ውሳኔያችን ይህ ብቻ ነው።

የቱቦዎቹ አቀማመጥ ግን አከራከረን። ጠረጴዛ ላይ ተኝተው ጎን ለጎን እንደተቀመጡ ሁለት መጻሕፍት ካደረግናቸው የማዕከላቸው ርቀት 25.4 ሚሊሜትር፣ ማለትም የሞገዱ ርዝመት ስምንት አሥረኛ ይሆናል። ልዩነቱ ያምራል። ድምሩ ግን ከመሐል 39 ዲግሪ ላይ ዜሮ ይገባል፤ ሳህናችን ደግሞ እስከ 67 ዲግሪ ይዘልቃል። የሳህኑ የውጭ ክፍል መሐሉ የሚሰበስበውን እየቀነሰ ይሠራል ማለት ነው። መደርደሪያ ላይ እንደቆሙ መጻሕፍት ብናቆማቸውስ? ርቀቱ 12.7 ሚሊሜትር ይሆናል፣ ሁለቱ አንድ ላይ አንድ ካሬ የሚያህል አፍ ይሠራሉ፣ ድምሩ ሳህኑን በደንብ ያዳርሳል፣ ጠርዙ ላይም ከ10 ዴሲቤል በላይ ይወርዳል፣ ማለትም ኃይሉ ከአንድ አሥረኛ በታች ይሆናል፤ የተመኘነው ይህ ነበር። አሁን የሚጎዳው ልዩነቱ ነው፤ ሁለት ጆሮዎቹ፣ ማለትም በግራና በቀኝ ያሉት ጨረሮቹ፣ በጣም ተዘርግተው ብዙው ከሳህኑ ጠርዝ ውጭ ይፈስሳል።

ይህ የእኛ ድህነት ያመጣው ግጭት አይደለም። ፒተር ሃናን እ.ኤ.አ. በ1961 በዝርዝር እንዳሳየው ድምርና ልዩነት የሚፈልጉት የመጋቢ ስፋት አንድ አይደለም፤ ልዩነቱ እጥፍ ገደማ ይሻል። ትልልቆቹ ራዳሮች 12 አፍ ባለው መጋቢ፣ ወይም በአንድ ሰፊ ቱቦ ውስጥ ብዙ ዓይነት የሞገድ አካሄድ በማስነሳት ያስታርቁታል። እኛ አቅማችንን አይተን የቆሙትን መረጥን። ድምሩ ካልጠነከረ የሚካፈልበት ነገር አይኖርም በሚል ነው። ዛሬም ቢሆን ያንኑ እመርጣለሁ፤ ልዩነቱ ደካማ በመሆኑ ግን እያንዳንዷ ትንሽ ስህተት ጎልታ እንድትታይ አድርገናል።

ሦስቱ ሳምንታት

መጋቢውን ፈትተን ኔትወርክ አናላይዘር ላይ፣ ማለትም የገባው ሞገድ ምን ያህሉ እንደሚመለስና እንደሚያልፍ በሚለካ መሣሪያ ላይ፣ አሰርነው። እያንዳንዱ ክንድ፣ ማለትም ከመጋቢው አፍ ወደ ማጂክ ቲው የሚወስደው ቱቦ፣ የሚመልሰው ከሚገባበት 22 ዴሲቤል ያነሰ ነበር፤ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ጥሩ ነው። እንደገና ለካነው፤ ጥሩ ነው። ብየዳውን አጸዳን፣ ብሎኖቹን በቅደም ተከተል አጠበቅን፣ የመጋጠሚያውን ፊት በጥሩ አሸዋ ወረቀት አለሰለስን። አሁንም ጥሩ ነው፣ ጀልባዋም አሁንም ትጠፋለች። ከመካከላችን አንዱ የእርጥበት ነገር ነው አለ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር አፉን የሚሸፍነውን ስስ ላስቲክ ቀይረን ቱቦውን በሞቀ አየር አደረቅን። ሌላው የከፍታ ነገር ነው አለ። እውነት ነው፣ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛ ገደማ ነው፤ በዚህ አየር ውስጥ ትልቅ ኃይል የሚያሳልፍ ዌቭጋይድ ቶሎ ብልጭታ ያነሳል። የእኛው ግን የሚቀበለው ከሚሊዋት ብዙ ሺህ ጊዜ ያነሰ ነው። ከድካም የመጣ ሐሳብ ነበር።

መፍቻውን የሰጡን የጀልባዋ ነጂ ናቸው። አንድ ጠዋት እንደተለመደው ስልክ ደወልኩ።

«አያ፣ አሁን የት ደረሱ?»

«እዚያችው ናታ!» አሉኝ። «እናንተ ልጆች የምትደውሉልኝ ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ስደርስ ነው። ክብራን ገብርኤልን ፊት ለፊት እያየሁ፣ ከወደቡ ያንኑ ያህል ስርቅ። እዚህ ምን አለ?»

መጋቢ ቢታመም ቦታ አይመርጥም ነበር። በስልካቸው ላይ ያለውን የቦታ ጠቋሚ እንዲያነቡልኝ ጠየቅኋቸው፤ ከጣሪያችን 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወረቀት አወጣሁ። የአንቴናው ቁመት ከሐይቁ ወለል 12 ሜትር፣ ምልክት ሰጪው ከውኃው 2 ሜትር። ከጀልባዋ ወደ እኛ የሚመጣው ሞገድ በሁለት መንገድ ነው የሚደርሰው፤ አንዱ በቀጥታ፣ ሌላው ውኃው ላይ ነጥሮ። በዚህ ዓይነት ጠፍጣፋ ማዕዘን ውኃ መስታወት ነው፤ ሞገዱን ገልብጦ ይመልሰዋል። የሁለቱ መንገዶች ልዩነት ልክ አንድ የሞገድ ርዝመት ሲሆን ሁለቱ ይጠፋፋሉ። ልዩነቱ የሁለቱ ቁመት ብዜት እጥፍ ለርቀቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ 48ን ለ0.0319 ሳካፍል 1,505 ሜትር አገኘሁ። ቀጣዮቹ መጥፊያዎች 750 እና 500 ሜትር ላይ ነበሩ፤ እዚያ ምልክቱ ጠንካራ ስለሆነ ዲሹ ጥቂት ተንገዳግዶ ያልፋቸው ነበር፣ እኛም የነፋስ ነገር ነው ብለን ንቀናቸዋል።

ከሰዓት በኋላ የውኃ ሞገድ ሲነሳ ይሻላል ብለን ተስፋ አድርገን ነበር። በዚያ ርቀት ግን የምልክቱ ሞገድ ውኃው ላይ የሚያርፍበት ማዕዘን ግማሽ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ 40 ሴንቲሜትር የሚያህል የውኃ ሞገድ እንኳ ለዚህ መስታወት እንደ ለስላሳ ይቆጠራል።

ነጸብራቁ ጀልባዋን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አያዛውራትም፤ ምስሏ ከእርሷ በታች ነው ያለው። ታዲያ አንቴናው ለምን ሳተ? ድምርም ልዩነትም አብረው ሲሰምጡ የቀረው የተቀባዩ ጉርምርምታ ነው፤ ጉርምርምታ ለጉርምርምታ ሲካፈል የሚሰጠውን ቁጥር ሞተሩ እንደ ትእዛዝ ተቀብሎ ይሮጣል። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነበር፦ ድምሩ ከተወሰነ ወለል በታች ከወረደ ልዩነቱን አትስማ፣ በነበርክበት ፍጥነት ቀጥል። ጀልባዋ መጥፊያውን ለማለፍ አሥር ሰኮንድ ገደማ ይበቃታል።

ሞርሳው

እዚህ ላይ ሥራው አለቀ ብለን ነበር። ሆኖም ሐይቁን ከጨዋታው ስናወጣው የቀረ ነገር ታየ። ምልክት ሰጪውን ወስደን ቤዛዊት ተራራ ላይ ተከልነው፤ በመካከል ቤትና ዛፍ እንጂ ሐይቅ በሌለበት። ለዚህ ስፋት ዲሽ ከ200 ሜትር በላይ መራቅ ይበቃል፣ ቤዛዊት ከዚያ እጅግ ይርቃል። ዲሹን ቀስ ብለን ስናዞረው ልዩነቱ መሐል ላይ ዜሮ መሆን ሲገባው ከድምሩ 18 ዴሲቤል ብቻ ዝቅ ብሎ ቆመ። ዲሹ ላይ ያሰርነው ካሜራም እንዳሳየው አንቴናው መሐል ነኝ የሚልበት ቦታ ከእውነተኛው መሐል በዲግሪ አንድ ሃያኛ ወደ ግራ ያዘነብላል። ይህ የሐይቁ ጥፋት አይደለም።

ሁለቱን ክንዶች አቀያየርናቸው፤ የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ። ዝንባሌው ያንኑ ያህል ወደ ቀኝ ሆነ። ስለዚህ በሽታው ማጂክ ቲው ውስጥም ዲሹም ላይ አይደለም፤ ከክንዶቹ ጋር አብሮ ይዞራል። ከሁሉም ሙከራ ይህን እወደዋለሁ፤ ብሎን ከመፍታት በቀር ምንም መሣሪያ አልጠየቀም።

በሁለት ክንዶች መካከል የብርታት ልዩነት ካለ መሐሉ ቦታውን ይለቃል። የፌዝ ልዩነት ካለ፣ ማለትም አንዱ ሞገድ ከሌላው ዘግይቶ ከደረሰ፣ መሐሉ ይሞላል፤ ዜሮ የሚባል ነገር አይገኝም። ከማጂክ ቲው በኋላ ያሉት ገመዶች እኩል ካልሆኑ ደግሞ ያ የሞላው ነገር በከፊል ወደ ዝንባሌ ይለወጣል። የእኛ ገመዶች እኩል አልነበሩም፤ 18 ዴሲቤሉም ተመልሶ ሲሰላ 14 ዲግሪ ገደማ የፌዝ ልዩነት ነው። ፌዝ የሚለውን ቃል ከኤሌክትሪክ ሠራተኞች ነው የወሰድነው፤ ነባር ትርጉሙም በዚያ ሰሞን አልራቀንም።

አናላይዘሩ ለምን አልነገረን? የጠየቅነው ምን ያህል እንደሚመለስ ብቻ ስለነበር ነው። ቦዩ ውኃ አይመልስም ማለት ውኃው በሰዓቱ ይደርሳል ማለት አይደለም። ሁለት አፍ ይዘን የሚያልፈውን መለካት ነበረብን፤ ጥሩ ቁጥር ስላየን አልለካንም።

መልሱን ያገኘሁት በካሊፐር፣ ስፋትን በረቂቅ በሚለካው መሣሪያ፣ ነው። የአንደኛው ክንድ የውጭ ስፋት በየሁለት ሴንቲሜትሩ 25.4 ሚሊሜትር። የሌላው 25.2፤ ለ20 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት። ወዲያው አስታወስኩ። የመጋጠሚያውን ፊት በሞረድ ሳስተካክል ቱቦው እንዳይጣመም ብዬ በሁለት ረጃጅም አንግል ብረቶች መካከል በጠባብ ጎኖቹ ይዤ ሞርሳው ላይ ያጠበቅሁት እኔ ራሴ ነኝ። ለመጠንቀቅ ያደረግሁት ነገር ጨፈለቀው። ሰፊው ጎን በሁለት አሥረኛ ሚሊሜትር ሲጠብ በቱቦው ውስጥ ያለው የሞገድ ርዝመት ከ44.4 ወደ 44.8 ሚሊሜትር ያድጋል፤ በ20 ሴንቲሜትር ጉዞ የሚጠራቀመው ልዩነት 14 ዲግሪ ገደማ ነው። ቁጥሩ ገጠመ።

አዲስ ቱቦ እስኪገኝ ሳምንታት ሊያልፉ ነው። ተበሳጭቼ ሁለቱን ክንዶች ይዤ ቶርኖ ቤት ለሚሠሩት አዛውንት አሳየኋቸው፤ ልዩነቱን ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ የተጨፈለቀውን መመለስ አይቻልም» አሉ። «ታዲያ ያኛውንም እኩል ለምን አትጨፍለቀውም?»

መጀመሪያ የቀለዱ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን በአማርኛ ትክክል የሚለው ቃል ያለ ስህተት ማለት ብቻ ሳይሆን እኩል ማለትም እንደሆነ ትዝ አለኝ፤ ይህ መጋቢ የሚፈልገው ሁለተኛውን ትርጉም ነው። ሁለቱም ክንዶች እኩል ከጠበቡ ሁለቱም እኩል ይዘገያሉ፤ ማጂክ ቲው የሚያውቀው ልዩነታቸውን እንጂ የፋብሪካውን ልክ አይደለም። ደህናውን ክንድ በዚያው ሞርሳ፣ በእነዚያው አንግል ብረቶች መካከል አስገባሁ፤ ሩብ ዙር እያጠበቅሁ፣ እየፈታሁ፣ እየለካሁ። ጤነኛ ነገር ሆን ብሎ ማበላሸት እጅን ያስፈራል።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ወሰደ። ማታ ወደ ቤዛዊት አዙረን ስንለካ ልዩነቱ ከድምሩ 27 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ነበር፤ የፌዝ ልዩነቱ ከ14 ወደ 5 ዲግሪ ገደማ ወርዷል። ከዚያ በታች ካሊፐራችን አያይም። ከአንድ ቱቦ ተቆርጠው፣ በሰፊ ጎናቸው በእንጨት ተይዘው የተሠሩት አዳዲስ ክንዶች በኋላ 31 ዴሲቤል ሰጡ። ለአራት ዴሲቤል ብሎ የተጨፈለቁትን የሚያወርድ ሰው ስላልተገኘ ጣሪያው ላይ ያሉት እነርሱ ናቸው።

በሰኔ፣ ዝናቡ ሐይቁን መልሶ ከመሙላቱ በፊት፣ መጥፊያውን ደግመን ለካነው። ጣና ከጥቅምት ወዲህ አንድ ሜትር ያህል ጎድሏል፤ አንቴናችን ከውኃው ያለው ቁመት 13 ሜትር ሆኗል ማለት ነው፣ ስሌቱም 1,630 ሜትር ይላል። ምልክቱ ሲጠፋ ወደ ጀልባዋ ደወልኩ።

«አያ፣ የት ደረሱ?»

«ዛሬስ ዘገያችሁ» አሉ። «ያችን ቦታ ካለፍኩ ቆየሁ እኮ።»